የአባቴ አራተኛ ካሴት

አባቴ አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያስጮህ የኖረ፣ ጎፈሬውን አንጨባርሮ ሮክ የሚጫወት ሰው ነበር። ባንዱ ሲበተን ለብቻው አራት ካሴት አወጣ። እኛ በምንኖርበት ጉደር ላይ "የኛ ልጅ እኮ ነው!" ይባልለታል፤ መልኩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ሰው ነው። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ የእሱ እናት፣ አያቴ ናት። እሱ ብቅ አይልም፤ ካሴቱ ግን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይደርሰናል። አያቴ ድምፁን ከሰማች ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም። ስለዚህ ካሴቶቹን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌባቸው ነበር።

ያኔ አምቦ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ድሬሰር ሊያገባኝ ፈልጎ ነበር። ቤተሰቦቹ የሸነን ከተማ ሰዎች፣ እኛ ጴንጤ የምንላቸው ናቸው፤ አባቱ ደግሞ የምእመናኑ ሽማግሌ። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በየሰው ቤት ተደብቀው የሚጸልዩበት ዘመን ነው። እንግዲህ እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ መሆኔ ሳያንስ የዘፋኝ ልጅ! አባትየው እሺ ካላሉ ጋብቻው የለም፤ እሱ አባቱን ጥሶ የሚያገባ ሰው አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን አባትየው ራሳቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ስለ ዘራችሁ ሰው ጠይቄአለሁ፣ ነውር አልተገኘም። አባትሽን ግን ከሰው አፍ ሳይሆን ከራሱ አፍ ልስማው። ካሴቶቹ ብዙ ናቸው አሉኝ። ከየትኛው ልጀምር?"

መሳቢያዬን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ካሴት ከንፈር፣ ዳሌ፣ ጡት ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ሁለተኛው ለአብዮቱ ያወጣው ነው፤ ጸሎት ቤት ለታሸገበት ሰው ይኼን ይዤ ልቅረብ? ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር አረቄ። እውነቱን ለመናገር ጊታሩ የሚጥመው እዚያ ላይ ነው፤ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ቢጠይቀኝ ከሱ ጀምር እለው ነበር። አራተኛው ግን ረጋ ያለ ነው። እናቱ እንደሞተችበት፣ በገዛ እጁ አፈር እንዳለበሳት፣ ከመቃብሯ አልነሳም ብሎ እንዳስቸገረ የሚያንጎራጉርበት ዘፈን አለው። እናት የሚወድ ሰው ደግሞ ማን ይጠላል? ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እሱን ሰጠኋቸው።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ እነሱ ዘንድ ሰው ቆሞ የሚዘምረው የደረሰበትን፣ ጌታ ያደረገለትን ነው። መዝሙር ምስክርነት ነው። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ዘፈን ብለው ቁጭ ብለው የሰሙት ያን ካሴት ብቻ ነው፤ እንደ ምስክርነት ሰሙት። አብራኝ የምትኖረውን አያቴን ደግሞ የእናቴ እናት አድርገው ነበር የሚያስቧት።

በሳምንቱ አያቴ ደጅ ቁጭ ብላ በርበሬ ስትለቅም እኔ ቤት ውስጥ ደብተር አርማለሁ። ድንገት ከአጥር ውጭ ለቅሶ ሰማሁ። ስወጣ ሰውየውና ባለቤታቸው በር ላይ ናቸው፤ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የንፍሮ ሰፌድ ታቅፈው እያለቀሱ። አያቴ በርበሬውን በትና ተነሳች።

"ልጄን! ልጄ ሞተብኝ! ወይኔ ልጄን!" ደረቷን ትደቃለች።

"እማዬ አልሞተም! ኧረ ማንም አልሞተም!" ብል ማን ሰምቶኝ።

ሰውየው ደንግጠው እጇን ያዙ። "አዴ" አሏት፣ እናቴ እንደ ማለት ነው። "ይረጋጉ፤ የርስዎ ልጅ አይደለም። የሙዚቀኛው እናት ማረፋቸውን ዘግይተን ሰምተን፣ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ ልንል ነው።"

አያቴ ለቅሶዋን ቆም አደረገች። "የሙዚቀኛው እናት?"

"አዎ፣ የሳቸው።"

"የሙዚቀኛው እናት እኔ ነኛ!"

ምነው ያኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ሴትዮዋ ሰፌዱን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ሰውየው ወደኔ ዞሩ።

"ታዲያ ካሴቱ ውሸት ነው?"

"ዘፈን እኮ ነው፣ አባባ።"

"ውሸት ነው ወይ ነው የምልሽ?"

"አዎ" አልኩ። ለዓመታት ደጇን ያልረገጠ ሰው፣ በሕይወት ያለች እናቱን ቀብሮ በካሴት ሲሸጥ እሳቸው ፊት ተገለጠ። የሱን ኃፍረት ተሸክሜ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ። በቃ፣ ትዳሬ አበቃለት አልኩ በሆዴ።

አያቴ ግን እልልታዋን አቀለጠችው! "ተመስገን! እሱ ይኑርልኝ እንጂ እኔማ ልሙት፣ ስንቴስ ብሞት! ኧረ ግቡ፣ በር ላይ አትቁሙብኝ!" እጃቸውን እየጎተተች አስገባቻቸው። ንፍሮውንም ተቀብላ አቀረበችው፤ የራሷን የለቅሶ ንፍሮ እየቆረጠመች ሰውየውን ትጠይቃቸዋለች።

"እስቲ ይንገሩኝ፣ እንዴት አድርጎ አለቀሰልኝ?"

ውሸት የማይወዱት ሰውዬ ወደሷ ጎንበስ አሉ። "አምርሮ ነው ያለቀሰልዎት፣ አዴ።"

"ቀብሬ ላይ ነበር?"

"ነበረ። አፈሩን ያለበሰዎት በገዛ እጁ ነው። ከመቃብርዎም አልነሳም ብሎ ሰው ነው በግድ ያነሳው።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ!" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሰውየው ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ሲያዞሩ ቆይተው፣ "አዴ፣ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር" አሉ። "ለአባቷ ሳይሆን ለርስዎ ልላክ። ልጅቱን ያሳደጉ እርስዎ ነዎት።"

እፎይ አልኩ። አባቴ ሰርጌ ላይ ባይቆም ደስ እንደሚለኝ ያኔ ታወቀኝ፤ ደስታው ራሱ አሳፈረኝ።

አያቴ ግን ፊቷ ተለወጠ። "ምነው? አባቷ በሕይወት እያለ ለኔ? ለሱ ይላክ እንጂ! ይመጣል።" ከዚያ ወደኔ ዞራ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

"ለቀብሬ የመጣ ልጅ፣ ለሰርግሽ ይቀራል እንዴ?"