የቆላነው ዘር

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ያለውን ንባብ በራሴ የተማርኩ ገበሬ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛው ማሳው ከማሳዬ የሚዋሰነው ታላቅ ወንድሜ፤ አራተኛው ከወንዝ ማዶ የሚያርሱት ጎረቤታችን ቄስ ናቸው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላም ወገራ ላይ የምንዘራው ስንዴ ቅይጥ ነበር፤ ቀዩም ነጩም፣ ጺማሙም መላጣውም በአንድ ማሳ ይበቅላል። አንድ ዓመት በመስከረም ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ ገባ። በማሳው መካከል ሳልፍ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ድረስ የዛገ ብረት ያሸሁበት መሰለ። እህሉ ሁሉ ሲከሳ ጥቂት ነጭ ዛላዎች ንጹሕ ሆነው ቆሙ። ክር አሰርኩባቸው። ጎንደር ገበያ ስኳር የጠቀለሉልኝ ጋዜጣ፣ በሽታ ያልነካውን ዛላ መርጣችሁ ለብቻው ዝሩ ይል ነበር። ሌላውን ጣሉ አይልም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ቅይጥ ማሳ የሰነፍ ማሳ ይመስለኝ ነበር።

ከእፍኝ ተነሥቼ በአራተኛው ክረምት ማሳዬን ሁሉ በእሱ ሸፈንኩ። ለወንድሜም ሰጠሁት።

«አያ፣ ያን ዝንጉርጉር ዘርህን ተወው» አልኩት። ታናሹ ብሆንም ማንበብ ስለምችል ያምነኝ ነበርና ተወው።

ቄሱ ግን ሳቁብኝ። «ምነው፣ እግዜር ቀላቅሎ የሰጠውን አንተ ልትለቅመው ነው? እኔም ምእመኑን እንዲህ ብመርጥ ለማን ልቀድስ ነው?»

አንድ ቀን ከጎታው ጀርባ አንድ ቅል አገኘሁ። አሮጌው ቅይጥ ዘር ሞልቶበታል።

«ለክፉ ቀን ነው» አለች ባለቤቴ። «ያንተው ሸጋ ነው፤ ይሄም ይቀመጥ።»

በቤቴ ቃሌ መጣሱ አንገበገበኝ። «ቁይው» አልኳት። ቆላችው። ወንድሜ መጥቶ ነበርና አብረን ቆረጠምነው። «አለመታዘዝ እንዲህ ከጣፈጠ፣ የኔዪቱም ትልመድ» እያለ ሳቀ። እሷ አንድ ፍሬ አልቀመሰችም።

በተከታዩ መስከረም ዋጉ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የመጣው ያንኑ የመረጥኩትን ስንዴ የሚያሸንፍ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን የጣለው ሁሉንም ጣለ። የእኔም የወንድሜም ማሳ በአንድ ሳምንት ቀላ። የቄሱም ተመታ፤ ሆኖም ዘራቸው ቅይጥ በመሆኑ እዚህም እዚያም የቆመ ስለነበር ግማሽ ያህል አጨዱ። ለዘር የሰጡን እሳቸው ናቸው። ያን ቀን አልሳቁም።

ወንድሜ እስከ ክረምት የሚበላው አልነበረውም። በሬዎቹን ሸጦ ደንቢያ ለአጨዳ ሊቀጠር ወረደ። ስንለያይ አልወቀሰኝም፤ «ጋዜጣህ አሁንስ ምን ይላል?» ብቻ አለኝ። እዚያው ወባ ገደለችው።

ከዚያ ወዲህ ከተመታ ማሳ የቆመውን ሁሉ፣ ቀይ ነጭ ሳልል፣ እየለቀምኩ ቀላቅዬ እዘራለሁ። ዋጉ ይመጣል፤ ሁሉንም ይዞ ግን አይሄድም። ልጆቼን ስቀጣ የሚበልጣችሁን ስሙ እላለሁ። እኔ ያልሰማሁት ግን ሚስቴን ነው።

የጥፋቴ ድምር የሁለት ቤት አዝመራ፣ አንድ ጥማድ በሬና ወንድሜ ነው። ከባለቤቴ የወሰደውን መለካት አልችልም፤ በቤታችን ግን ከዚያ ወዲህ የስንዴ ቆሎ ተቆልቶ አያውቅም።