የቢራቢሮ መጋዘን

የበረዶ ሆኪ በረኛ ጓንት ሸትቶት የማያውቅ ሰው የታደለ ነው። የረጠበ ውሻ፣ የከረመ አይብና በላብ የራሰ ካልሲ አንድ ላይ ታሽገው ፀሐይ ላይ ውለዋል ብላችሁ አስቡ። የእህቴ ልጅ ግን አፍንጫዋን ጓንቱ ውስጥ ከትታ በረጅሙ ትስብና ትስቃለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

በረኛ የሆነችው ራሷ መርጣ ነው። እናታችን ወሬውን አዲስ አበባ ሆና በስልክ ስትሰማ፣ «በረኛ? በዚህ ዕድሜዋ የማንን በር ነው የምትጠብቀው?» አለች። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቀልዱ የገባት ቆይቶ ነበር፤ ከገባት በኋላ ግን በረዶው ላይ ስትቆም የግቢ በር የምትጠብቅ ይመስል ፊቷን ታኮሳትር ጀመር።

ቡድኑ ሁለት በረኞች ነበሩት፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚፈለገው አንድ ብቻ ነው ተባለ። የበረዶ ላይ አሰልጣኟ በልጅነቷ ራሷም በረኛ የነበረች ሴት ናት። ለወላጆች እንዲህ አለች፦ «ከበረዶ ውጭ መጫወት ይበቃቸዋል። ይሩጡ፣ ይዝለሉ፣ የቴኒስ ኳስ ከግድግዳ እያነጠሩ ይቅለቡ። ዳሌያቸውን በግድ የሚለጥጥ ነገር አታሠሯቸው፤ አጥንታቸው ገና እያደገ ነው።» ሁሉም በሐሳቧ ተስማሙ። ብዙም ሳይቆይ የሌላኛዋ በረኛ አባት ልጁን ሶዶ በሚባል ሰፈር፣ የአገር ቤቱ ሳይሆን እዚሁ ባሕር ማዶ ከተማችን ባለው፣ ወደሚገኝ አንድ መጋዘን ለተለየ ሥልጠና መውሰድ ጀመረ። ይህን የሰማች ቀን እህቴን እንቅልፍ እምቢ አላት።

«እኛ ኳስ ስናስቀልብ እነሱ ጥለዋት ሊሄዱ ነው» አለችኝ።

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው እኮ።»

«አንተ ግጥምህን ጻፍ። ሶ፣ ሐሙስ ሐሙስ አንተ ትወስዳታለህ። ኦኬ?»

ታላቄ ናት። ኦኬ አልኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፏል። ሣሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው የቁስል ፕላስተር፣ የተቆረጠ ጥፍርና የታኘከ ማስቲካ አለበት፤ ልጆቹ እዚያ ላይ በደረታቸው ይተኛሉ። ወላጆች ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ይደግናሉ። የመጋዘኑ አሰልጣኝ የቸኮሌት ሽታ ያለው የጡንቻ ማፈርጠሚያ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ይጠጣል፤ ጺሙ ላይ የቀረውን እየላሰ ያወራል። ሲያወራ ሁልጊዜ የማየው ምላሱን ነበር።

ቢራቢሮ የሚሉት አቋም አለ። በረኛዋ በጉልበቷ ትወድቅና ከጉልበቷ በታች ያለውን እግሯን ግራና ቀኝ ትዘረጋለች፤ ጠፍጣፋዋ የሆኪ ኳስ ከሥር እንዳታልፍ እግሮቿ እንደ ክንፍ ተከፍተው መሬቱን ይዘጋሉ። በረዶ ላይ ያምራል። መጋዘኑ ውስጥ ግን አሰልጣኙ ልጆቹን በዚህ አቋም ያስቀምጥና ከኋላቸው ይንበረከካል። በአንድ እጁ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ውጭ እየገፋ፣ በሌላው ትከሻቸውን ወደ መሬት ይጫናል። «ሲበዛባችሁ ስቶፕ በሉኝ፣ አቆማለሁ» ይላል። ደንቡ ይኸው ብቻ ነው።

ሌሎቹ ልጆች ገና ሲነካቸው ይጮኻሉ። የኛዋ ዝም ትላለች።

ዝም የምትለው ሳያማት ቀርቶ አይደለም፤ የታች ከንፈሯን ነክሳ ነጭ ታደርገዋለች። ዝም የምትለው ጨዋ ስለሆነች ነው። በኛ ቤት ትልቅ ሰው የጀመረውን ልጅ አያስቆምም። ሲያጎርሷት፣ ጠግባም ቢሆን፣ አፏን ትከፍታለች። ጸጉሯን ሲጎነጉኗት እንባዋ እየወረደ ትቀመጣለች፤ ሲያልቅ «ጎበዝ፣ የኔ ጨዋ» ትባላለች። አሰልጣኙ ይህን ከየት ይወቅ? «ይቺ ልጅ ብረት ናት» ብሎ ለወላጆቹ አሳያትና ጨምሮ ተጫናት። አጨበጨቡ። ከጥፍሩም፣ ከማስቲካውም፣ ከጺሙም በላይ የቀፈፈኝ ያ ጭብጨባ ነው።

መኪና ውስጥ ስትገባ አንድ እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ አስገባችው።

«ስቶፕ ለምን አላልሽውም?»

እሱ ገና አልጨረሰም ነበር እኮ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ።

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። «ቪዲዮውን ልከውልኛል» አለች። «አጨብጭበውላታል። ጸጉሯን ስሠራትም ታለቅሳለች፤ ሞታለች እንዴ?»

ቡሪየን በሚባለው የከተማ ዳርቻ ካለው አፓርታማችን በስተጀርባ መስኮት የሌለው ግድግዳ አለ። እዚያ አንድ ጨዋታ ፈጠርኩ። የቴኒስ ኳስ ከግድግዳው አነጥርላታለሁ፣ ትቀልባለች፤ እያፈጠንኩ እሄዳለሁ። የማቆመው «በቃ» ስትለኝ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቃሉ አልወጣ አላት። ክንዷ ዝሎ ኳሶቹ ባጠገቧ እያለፉ ዝም ብላ ታየኛለች፤ እንዳይከፋኝ የፈራች ትመስላለች። አንድ ቀን በሹክሹክታ «በቃ» አለች። እጄን ወዲያው አወረድኩ። አላመነችኝም። እንደገና አስጀመረችኝና በሁለተኛው ኳስ «በቃ»። አቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ከኳሱ ይልቅ እኔን ማስቆም ጣማት፤ ለመወርወር እጄን ሳነሣ ሁሉ በቃ እያለች ትንፈራፈር ነበር በሳቅ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እህቴ የአየር ማረፊያ ፈረቃዋን ቀይራ አብራን መጣች። ጭብጨባውን በዓይኗ ልታይ ፈልጋ ነው። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

ያን ቀን አሰልጣኙ ለልጅቷ አሸዋ የታጨቀበት ሰደርያ አለበሳት። ለኔ እንኳ የሚከብደኝ ነገር ነው። ቢራቢሮ አስቀመጣት፣ ከኋላዋ ተንበረከከ፣ ተጫነ። ከጺሙ አንዲት የቸኮሌት ጠብታ ጸጉሯ ላይ ወረደች።

«በቃ» አለች ልጅቷ።

ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። አሰልጣኙ ፈገግ አለ።

«ባካ? ወደድኩት» አለ። «ባካ፣ ባካ» እያለ እንደ ዘፈን ምት አድርጎት በምቱ ልክ ይጫናት ጀመር። ልጆቹ ተቀበሉት፤ ባካ፣ ባካ። አግዳሚው በሙሉ እየሳቀ ስልኩን ደገነ። ልጅቷም «በቃ፣ በቃ» ትላለች፣ እነሱም ይቀበሏታል።

ስቶፕ የሚለውን ቃል እሱ ሰጥቷት ነበር፤ ትልቅ ሰው አስቁማበት ግን አታውቅም። ሲሠራ ያየችው ቃል አንድ ነው፣ እሱም እዚያ ግድግዳ ሥር የተማረችው። ለሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ለጭንቋ ያወጣችው አማርኛ ነበር፣ ያም ለነሱ ዘፈን ሆነ። ከአግዳሚው ተነሣሁ፤ እህቴ ግን ቀድማኝ ሄዳለች።

በሥራ ጫማዋ ሣሩን አቋርጣ ሄዳ የአሰልጣኙን እጅ ከልጇ ትከሻ ላይ አነሣችው። ሰደርያውን ፈታችና ጣለችው።

«በቃ ማለት ስቶፕ ማለት ነው» አለችው በእንግሊዝኛ።

«እንዴ፣ እኔ መዝሙር መስሎኝ።» ጺሙን ላሰ። «እየተሻሻለች ነበር እኮ። ይቺ ልጅ ብረት ናት።»

«ብረት አይደለችም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

አንዱ ወላጅ ይህንንም ይቀርጽ ነበር።

መኪና ውስጥ እህቴ ከኋላ ተቀምጣ የቸኮሌቱን ጠብታ በእርጥብ ሶፍት ከልጇ ጸጉር ጠረገችው። ሶፍቱን አሸተተችውና በመስኮት ወረወረችው፤ ቆሻሻ ከመኪና ሲጣል የሚያናድዳት ሴት ናት።

የበረኛነቱን ቦታ ሌላኛዋ ልጅ አገኘች። መጋዘኑ ዛሬም ይሠራል፤ እሷም ትሄዳለች። አባቷ በሆነ ጨዋታ ላይ አይቶኝ ሰላም በማለት ፈንታ «ባካ» አለኝ፣ እየሳቀ። የኛዋ ሊንውድ በምትባል አጎራባች ከተማ ደከም ያለ ቡድን ገባች። እዚያ ከበረዶ ውጭ የሚያሠሯቸው አባሮሽ ነው፤ ሲሸነፉም ትስቃለች፣ ጓንቷም እንደ ድሮው ይገማል።

ከመጋዘኑ በኋላ በመጣው እሑድ እህቴ ልጅቷን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ጸጉሯን ትጎነጉን ነበር። አንዱ ጉንጉን ላይ ጠበቅ አድርጋ ስትስበው ልጅቷ «በቃ» አለች። የእህቴ እጅ አየር ላይ ቆመ። ገና ግማሹ ነበር የተሠራው። እኔን አየችኝ፣ ማበጠሪያውን አየች፣ ከዚያ ማበጠሪያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

ሰኞ ልጅቷ ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ፣ ግማሹ እንደ ቆመ ትምህርት ቤት ሄደች።