የዋስ ዋስ

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እዚህ አስጎብኚ ያልሆነ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ የሚጎበኝ ሰው ማግኘት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። እንግዳ በጠፋበት ሰሞን፣ ፈረንጅ ኢንተርኔት ላይ ስለ ላስታ ሲፈልግ የእኔ ድረ ገጽ ቶሎ ካልወጣለት ወልድያ ወርጄ የቀን ሥራ ልይዝ ነበር።

አንድ ወዳጄ መላ ነገረኝ። ሌሎች ድረ ገጾች ወደ አንተ ሊንክ ካደረጉ፣ የኢንተርኔት መፈለጊያው «ይህ ሰው የታመነ ነው» ብሎ ከፍ ያደርግሃል አለኝ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብዬ ድረ ገጽ ያለውን ሁሉ አሰባሰብሁ፤ እኔ ለአንተ፣ አንተ ለእኔ ተባባልን። ስልክ ጠጋኙም የዶሮ መኖ ነጋዴውም ገቡበት። የዶሮ መኖ የሚፈልግ ሰው ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ምን ያደርግለታል ብዬ አልጠየቅሁም። ነፃው ድረ ገጼ ከአምስት ገጽ በላይ ስለማይፈቅድ፣ የእነሱን ሊንክ የምደረድርበት ቦታ ለማግኘት አንዱን ሰረዝሁ። አባቴ በቃላቸው የነገሩኝ ወደ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው የእግር መንገድ የተጻፈበት ነበር፦ ውሃ የት እንዳለ፣ ቄሱ ቁልፉን ይዘው ገበያ የሚሄዱት በየትኛው ቀን እንደሆነ። ማን ያነበዋል ብዬ ነው።

ከወር በኋላ የድረ ገጼን ስም ራሴ ጽፌ ፈልጌ አጣሁት። ለካ መፈለጊያው እርስ በርስ መጠቋቆማችንን ደርሶበት ከዝርዝሩ አውጥቶኛል።

አባቴ ገነተ ማርያም መሪጌታ ናቸው። አዲስ ተማሪ ከሩቅ ሲመጣ አስቀድመው «ማን ላከህ?» ይሉታል። ሄጄ ስሞታዬን ነገርኋቸው።

«ለእነዚህ ዋሶችህ ማን ዋሳቸው?» አሉኝ።

«እኔ።»

«እህ፤ ዋሱም አንተ፣ ባለጉዳዩም አንተ» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ትክክል ሲሆን በጣም ያናድዳል።

በዚያው ሳምንት፣ እኔም እዚያው ሳለሁ፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከሌላ አስጎብኚ ጋር ገነተ ማርያም መጣች። ስልኳን አውጥታ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገጽ አሳየችን፤ «ስለ እግር መንገዱ ይህን ያንብቡ» ይላል። ስትነካው «ገጹ የለም» አለ። አድራሻው የእኔ ነበር።

«የጻፈውን ሰው ብዙ ፈለግሁት» አለች።

እኔ ነኝ ለማለት አፈርሁ። ከሄደች በኋላ ደብተር ይዤ አባቴ ዘንድ ገባሁ።

«አባባ፣ መንገዱን እንደገና ይንገሩኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ላከህ?»

«ያጠፋሁት ገጽ» አልኋቸው።

በእጃቸው ቦታ አሳዩኝ፤ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ኋላ ተቀመጥሁ።