ያለ ወረቀት የጠበቅኩት ካሳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ፣ ቡታጅራ ባጃጅ ሳይገባ ሰው በፈረስ ጋሪ በሚመላለስበት ዘመን። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ። ይህን ግን አልረሳሁም። የተታለልኩት በማላውቀው ነገር ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የተታለልኩት ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ በበላሁበት ነገር ነው።

ሥራዬ ራፖር ጸሐፊነት ነበር። ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚና አንድ የተቀደደ ጃንጥላ ነበረኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ብድር ሲካድ ማመልከቻውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ግን ከእንሴኖ ድረስ ሰው ይመጣልኝ ነበር። ጠበቃ አይደለሁም። እንደ ጠበቃ በመጎረር ግን የሚቀድመኝ አልነበረም።

አጠገቤ የሚቀመጠው ሸረፋ ነው። ሱቁ ከስሮበት ሲንከራተት ወደ አግዳሚው ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሥራውን አስተማርኩት፤ የድሮ ጽሑፎቼን እየገለበጠ እንዲለምድ ሰጠሁት። ጎበዝ ወጣው። አንድ ነገር ብቻ አልስተካከል አለው፤ አራት ነጥቡን እንደ ሽምብራ አግዝፎ ነው የሚያስቀምጠው። "ቀለሙን በነጥብ ጨረስከው" እለው ነበር።

ልጄ ዘይቱና የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ባሏ ለንግድ አዲስ አበባ ነበር። ምጥ ሲይዛት ቤታችን አጠገብ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናት። ምጡ ረዘመ። "ሆስፒታል እንውሰዳት" ስለው የክሊኒኩ ባለቤት፣ እሱው ነው የሚያዋልደው፣ "ትንሽ ጠብቁ" አለኝ። ጠበቅን። ሕፃኗ ትልቅ ነበረች፤ ጭንቅላቷ ወጥቶ ትከሻዋ ተያዘ። አንገቷን ይዞ ሳባት። ይህን የነገረችኝ አልጋው አጠገብ የነበረችው ባለቤቴ ናት።

ስሟን ሒክማ አልናት። ቀኝ እጇ አይንቀሳቀስም። መልሰን ብንወስዳት "ወለምታ ነው፤ ራሱ ይመለሳል፤ ትንሽ ጠብቁ" አለን። አሁንም ጠበቅን።

ስምንት ወር ሲሞላት አዲስ አበባ ወስደን አንድ ስፔሻሊስት አየልን። "ስትሳብ አንገቷ ሥር ያለው ነርቭ ተበጥሷል" አለ። "በሦስት በአራት ወሯ ብታመጧት ኦፕራሲዮን ይሞከር ነበር። አሁን የሚያዋጣው በየወሩ እየመጣች እጇን እንቅስቃሴ ማሠራት ነው። ስታድግ ደግሞ ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል።" ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ዘይቱና ከአዲስ አበባ እስከ ቡታጅራ ድረስ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ስትዘረጋ፣ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ ስታጥፍ መጣች።

በዚያ ሳምንት ከዘይቱና ውክልና ተቀብዬ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለውን ክስ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ነው። ባለክሊኒኩ የልጅቷን ሕክምና እስክታድግ እንዲችል፣ ለጎደለው ክንዷም እንዲክስ የሚጠይቅ። ለሰው ስጽፍ ብዕሬ ይሮጣል፤ እዚህ ላይ ስሟ ጋ ስደርስ ይቆምብኝ ነበር።

ሸረፋ አነበበው። "ጥሩ ነው" አለና አጣጥፎ መለሰልኝ። "አንተ ነስሩ፣ ይህን ልታስገባው ነው?"

"ታዲያ ልቀቅለው?"

"ሰውዬው እኮ የሠፈራችን ልጅ ነው። ክስ ከገባበት ይደነድናል። ሽማግሌ እንላክበት። እኔ ራሴ እይዘዋለሁ።"

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ሸረፋ ዋና ሆነ። ባለክሊኒኩ ፊታቸው አንገቱን ደፋ። "ጥፋቱ የኔ ነው። የልጅቷን ሕክምና እችላለሁ። ብቻ አረፋ ይለፍልኝ" አለ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ "እንግዲያው ይህችን ነገር በወረቀት እናስፍራት" አልኩ።

"ወረቀት?" አለ ሸረፋ። "በኛ መሃል ወረቀት? አንተ ሰውዬ ጫት ብትገዛም ደረሰኝ ሳትጠይቅ አትቀርም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። የሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ "ሳይፈረም ከዚህ ቤት እንዳትወጡ" ብዬ በር ላይ እተኛ ነበር። በራሴ ጉዳይ ግን ወረቀት መጠየቅ አሳፈረኝ።

አረፋ አለፈ። ባለክሊኒኩ አንድ ጊዜ የአዲስ አበባ መሳፈሪያና የሕክምና ሰጠን። ከዚያ "ክሊኒኩን እያደስኩ ነው" አለ። ከዚያ እናቱ ሞቱ፤ ለቅሶ ደርሰን ሦስት ቀን አብረነው ተቀመጥን፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል። ሁለተኛው አረፋ መጣ። ሸረፋን በጠየቅኩት ቁጥር "ይዤዋለሁ አልኩህ፤ ወላሂ ይሰጣል" ይለኛል።

አንድ ቀን ዘይቱና "አባዬ፣ ክሱን አስገባው" አለችኝ።

"ሸረፋ ይዞታል። ትንሽ ጠብቂ" አልኳት።

ከክሊኒኩ ስሰማው እንደዚያ ያቃጠለኝን ቃል፣ ለገዛ ልጄ እኔው ደገምኩት።

አሁን አንባቢ ይሳቅብኝ። እንዲህ ያለ የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ተከሳሹ "ጊዜው አልፏል" ብሎ መዝገቡን ማዘጋት ይችላል፤ ይርጋ ይሉታል። ይህን እያልኩ ስንቱን ገበሬ አስሮጫለሁ። "ዛሬውኑ አስገባ፣ በሬህን ነገ ትፈልገዋለህ" ያልኩት ሰው አለ። የራሴን ቀን ግን አልቆጠርኩም። ሒክማ ሁለት ዓመት ከሞላት በኋላ፣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ባለክሊኒኩ በሩ ላይ ቆሞ "እኔ ያጠፋሁት ነገር የለም። ወዳሻችሁ ሂዱ" አለን። አምስት ሳምንት ብቻ ነው የጠበቀው። ጨዋ ሰው ነው፤ በማግስቱ አላደረገውም።

ያን ሦስት ገጽ ይዤ እየሮጥኩ አስገባሁ። በዕድሜዬ ሮጬ ያስገባሁት ክስ እሱ ብቻ ነው።

የተከሳሽ መልስ ደረሰኝ። ሁለት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ። አንድ መስመር ሳላነብ አራት ነጥቦቹን አየሁ። እንደ ሽምብራ ነበሩ።

ከዚያ አነበብኩት። መካከሉ ላይ "ከሳሽ መብታቸው በእጃቸው ሳለ ተኝተው ከርመው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ መንቃታቸው ሕግ የማይቀበለው ነው" ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር የኔ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የማረቆ በርበሬ ነጋዴ የጻፍኩት፣ እንዲለማመድበት ብዬ ለሸረፋ የሰጠሁት። ያኔ እጅግ ወድጄው ነበር።

ወደ አግዳሚው ሄድኩ። ሸረፋ እንደ ወትሮው ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጻል። ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁለት።

"የማን ጽሕፈት ነው?"

"ታውቀዋለህ።"

"ሽማግሌዬ አልነበርክም?"

"ሽምግልናው ፈረሰ። ሰውዬው ጻፍልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት። አንተስ ጠዋት ለሚስት፣ ከሰዓት ለባል ስትጽፍ አልኖርክም?"

እውነቱን ነው። ጽፌያለሁ።

"ሁለት ዓመቱ እያለቀ እንደነበር ታውቅ ነበር?" አልኩት።

የእርሳሱን ፍቅፋቂ እፍ አለው። "አንተ አታውቅም ነበር?" አለኝ።

በኋላ ሳሰላስለው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሽምግልናው በተጀመረ በወሩ የሸረፋ ሴት ልጅ እዚያው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጥራለች። አውቅ ነበር። እንኳን ደስ አለህ ብዬዋለሁ። የሥራ ማመልከቻዋንም የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ በነፃ።

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ምስክር ሁኑልኝ ብላቸው "በወረቀት የሰፈረ ነገር የለም፤ ምን ብለን እንመስክር?" አሉኝ። ዳኛው ወጣት ልጅ ነበር፤ ማመልከቻ ሳስገባ በአክብሮት የሚቀበለኝ። ክሱ በይርጋ ተዘግቷል የሚለውን ውሳኔ አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለና "ጋሽ ነስሩ፣ እርስዎ ይህን አጥተውት ነው?" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይግባኝ ብዬ ወልቂጤ ሄድኩ። የይግባኙን ወረቀት እንዳይታጠፍ ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ ኮረኮንቹ እያንገጫገጨኝ፣ ሰው ፊት እያስመለሰኝ ደረስኩ። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፤ የቆሸሽኩት እኔ ነበርኩ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናው።

ለሒክማ ሕክምና መጀመሪያ የዘይቱና ወርቅ ተሸጠ፤ ቀጥሎ የኔ ቤት ጀርባ ያለችው ቁራሽ ቦታ። በየወሩ መሄዱ ሁለት ዓመት ቀጥሎ ቆመ። ስታድግ ያስፈልጋታል የተባለው ኦፕራሲዮንም አልሆነላትም።

ሸረፋም እንደኔ አርጅቷል። መስጊድ እንገናኛለን። "አሰላሙ አለይኩም" ይለኛል፤ "ወአለይኩም ሰላም" እለዋለሁ። እጁን ግን እስከ ዛሬ አልጨበጥኩትም። ልጨብጠው የሞከርኩበት ቀን አለ፤ የገዛ እጄ እምቢ አለኝ።

ሒክማ ዛሬ ጉብሬ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በግራዋ ነው የምትጽፈው፤ ጽሕፈቷ ከኔ ይበልጣል፤ ይህን የምለው በቅናት አይደለም፣ ትንሽ ግን አለበት። ባለፈው ለእረፍት መጥታ የድሮ ሣጥኔን ስትበረብር የዚያን ክስ ቅጂ አገኘችው። ቆማ ሦስቱንም ገጽ አነበበችው። ስለ ክንዷ በወግ የተጻፈ ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አባባ፣ አንተ ነህ የጻፍከው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንዴት ያምራል። መቼ አስገባኸው?"

"ዘግይቼ" አልኳት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ የማይታዘዘውን ክንዷን በግራ እጇ አንስታ እንዳይንሸራተት ከላዩ ጫነችበት፤ ከዚያ በግራዋ ቀስ ብላ በድሮ እጥፋቱ አጠፈችው። ልረዳት እጄን ዘርግቼ ነበር።

"ቆይ አባባ" አለችኝ። "እችላለሁ።"