አምስተኛዋ ቀንድ

ፀዳለ ልጅ ሳለች፣ ኦቾሎ በተባለው ደጋ መንደራቸው ላይ ጉም ሲወርድ የቀንድ ድምፅ ትሰማ ነበር። ነፊዎቹ አይታዩም። የቆዳ ፋቂ ቤተሰቦች ስለሆኑ ድግሱን የሚያደምቁት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው። እሷ ግን ከታች ያለው የአባያ ሐይቅ የሚተነፍስ ይመስላት ነበር።

ዛሬ አርባ ምንጭ ውስጥ የአንድ የባህል ቡድን መሪ ናት። ያንን ዜማ ለዓመቱ በዓል መድረክ ላይ ልታወጣው አሰበች።

"ነፊዎቹን ከመጋረጃው ጀርባ እናቁማቸው፤ የሚፈለገው ድምፁ አይደል?" አሏት አለቃዋ።

"ከጀርባ ከሆነስ ይቅር።"

ከነፊዎቹ አንዱ ጋሽ ባፈና ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ከኦቾሎ ወረዱ። ቀንዶቹ አምስት ናቸው፤ እያንዳንዷ ያላት አንድ ድምፅ ነው። አንዷ ከጎደለች ዜማ የለም። አምስተኛዋን ከቡድኑ አንድ ሰው መልመድ ነበረበት። አለማመዱ ደግሞ እንዲህ ነው፦ መምህሩ ይነፋል፣ ተማሪው ቀንዷን ሳትቀዘቅዝ ተቀብሎ ይነፋል።

"ኦሊያድ፣ ተቀበል" አለች ፀዳለ።

"እኔ እንኳ ከበሮው ይሻለኛል" አለ ዘፋኙ ኦሊያድ። "ከንፈሬ ቆስሏል።"

"ትናንት ደህና ነበር።"

"ዛሬ ነው የቆሰለው።"

ጋሽ ባፈና አልተቆጡም። ቀንዷን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መሬት ላይ አስቀመጡና ፈቀቅ አሉ። በመንደራቸው ከእጃቸው የሚቀበል የለም፤ ዕቃ ሲሰጡ የኖሩት እንዲህ ነው።

ፀዳለ ቀንዷን እያየች ቆየች። አባቷ አቶ ዳልጮ የዚያው መንደር ሽማግሌ ናቸው። ከንፈሩ የእነጋሽ ባፈናን ዕቃ የነካ ሰው ከቤተሰቡ ቅል እንደማይጠጣ ታውቃለች።

አንስታ መለሰችላቸው። "እንደገና ይንፉልኝና በእጅዎ ይስጡኝ።"

ነፉ። ሙቋን፣ እርጥቧን ቀንድ ተቀብላ ከንፈሯ ላይ አደረገች። የወጣው የታመመች ላም ድምፅ ነበር።

"ላሟን ማን መታብኝ?" አሉ ጋሽ ባፈና። ልጆቻቸው ሳቁ። ኦሊያድም ቁስሉን ረስቶ ሳቀ።

በበዓሉ ቀን አምስቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ፀዳለ ዓይኗን ጨፍና ነፋች። ሐይቁ ተነፈሰ። ከሩቅ አልነበረም፤ ደረቷ ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ ኦቾሎ ወጣች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ወንድሞቿ ወተት ከአንድ ቅል እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። አባቷ በሌላ ቅል ቀድተው አጠገቧ መሬት ላይ አስቀመጡላትና ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ። አንስታ ጠጣች። ወተቱ ጥሩ ነበር።

ጉሙ እስከ ደጃፉ መጣ።

"ላሟ አንቺ ነሽ አሉ" አሉ አባቷ በመጨረሻ። ሊስቁ ዳድቷቸው ነበር።

ቅሉን ግን አልለወጡላትም።