ለልጆች መሸነፍን ሳስተምር

ትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ፕሮግራም ሲከፍት አስተባባሪ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ለምን እንደተመረጥኩ ዛሬም አይገባኝም። ርዕሰ መምህሩ «አንተ ትዕግስት አለህ» አሉኝ። ይህንኑ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ሳቀች።

ፕሮግራሙ የሂሳብ ወይም የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ አልነበረም። ልጆቹ ተራ መጠበቅን፣ የተሰማቸውን መናገርን፣ ተጣልቶ መታረቅን፣ ሲሸነፉ መቻልን በጨዋታና በሥዕል እንዲማሩ ነው የታሰበው። ለዚህም ደሴ ወስደው አሰለጠኑን። አሰልጣኟ «ልጅ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ነው የሚማረው» ስትል አንገቴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኳት። አንገት በመነቅነቅ የሚስተካከለኝ የለም።

መሸነፍ የማይሆንለት ሰው ቢፈለግ ግን ከከሚሴ እስከ ባቲ እንደ እኔ ያለ አይገኝም። ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ሻይ ቤት ከባልደረቦቼ ጋር ዳማ እጫወታለሁ። የተሸነፍኩ ቀን ሻዩ ቀጥኗል፣ ወንበሩ ተንጋዷል፣ የባጃጅ ጡሩምባ ሐሳቤን ሰርቆታል። አንዴማ እኔ የሂሳብ አስተማሪው በስፖርት መምህሩ ተሸንፌ፣ ሻይ ቤቷ በር ላይ ላለማለፍ ስል ሳምንቱን ሙሉ ዞሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ፕሮግራሙ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን እየጎተተች መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር። ይችን ልጅ አደራዎን። ወላሂ፣ ክፉ አይደለችም። ግን ጨዋታ ከተሸነፈች እሳት ነች። ከሰፈር ልጆች ሁሉ ተኳርፋ ብቻዋን ቀረች።»

«አይዞሽ እህቴ፣ እኛ ጋ ትለወጣለች» አልኳት፣ የአሰልጣኟን ድምፅ ተውሼ።

ልጅቷ እናቷን አላስዋሸችም። ዛፍ ጥላ ሥር መሬቱን ቆፍረን ገበጣ እናጫውት ነበር። ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ስትሸነፍ «ይሄ ውሸት ነው!» ብላ ጠጠሩን በተነችውና ሄዳ አጥሩ ጥግ ቆመች። ተከትያት ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«አሁን ምን እየተሰማሽ ነው?» አልኳት፣ ልክ እንደ ስልጠናው።

«ምንም።»

«ሆድሽ ውስጥስ?»

«ርቦኛል።»

ስልጠናው ላይ እንዲህ ያለ መልስ አልነበረም። ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ ሰጠኋትና አብረን በላን። እየቆረጠመች «ስሸነፍ ሁሉም የሚስቁብኝ ይመስለኛል» አለችኝ። ለእኔም እንደዚያው ስለሚመስለኝ ሌላ እፍኝ ቆሎ ጨመርኩላት።

በዚያው ሰሞን ደንብ አወጣን፤ የተሸነፈው የአሸናፊውን እጅ ጨብጦ «ጥሩ ተጫወትክ» ይላል። መጀመሪያ ላይ እጇን የምትዘረጋው ክትባት እንደሚወጋ ሰው ፊቷን አዙራ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመደችው። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ፣ ከሳቅ በቀር ሥራ የሌላቸው ጓደኞችም አገኘች።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ተጋጣሚ አጣች። «ኮታ፣ ቲቸር፣ ይምጡ ይጫወቱ» አለችኝ፣ እንደ ጓደኞቿ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨርሳ። ላለማምዳት ብዬ ተቀመጥኩ። ጠጠሬን በላችው። «ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች» ብዬ ቦታ አስቀየርኳት። አሁንም በላችኝ። «ጉድጓዱ እኩል አልተቆፈረም» አልኩ። ሥዕል የሚስሉት ልጆች ሳይቀሩ ከበቡን።

«ቲቸር፣ እጇን ይጨብጡ እንጂ!» አለ አንዱ።

ጨበጥኳት። «ጥሩ…» ብዬ ጀመርኩና ሳል ያዘኝ።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ የቤቴን ግቢ ቆፍሬ በባቄላ ስለማመድ ከረምኩ። ባለቤቴ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ «ለፕሮግራሙ እየተዘጋጀሁ ነው» አልኳት። በቀጣዩ ቅዳሜ አሸነፍኳት! ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ሰቀልኩ። ብርቱካን ገዝቼ ቤት ገባሁ።

«ማንን አሸንፈህ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«አንዲት ጎበዝ ተጫዋች አለች።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ገበያ ውስጥ እናቷን አገኘኋት። ከሩቅ አይታኝ ከጨርቆቹ መሃል ብድግ አለች። «አላህ ይስጥልኝ መምህር! ልጄ ሌላ ሰው ሆነች። ባለፈው ቅዳሜ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ቲቸር ያን ዕለት ሲሸነፉ ፊታቸው ጠቆረ፤ አሳዘኑኝ። ዛሬ አውቄ ለቀቅሁላቸው።› ድሮ እኮ ለወንድሟም አትለቅም!»

እናትየዋ እያመሰገነችኝ ነው። «አልሃምዱሊላህ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ወደ ቤት ስሄድ መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ አስፋልቱን ስሻገር ደግሞ ድጋሚ ገጥሜ የማሸንፍበትን ዘዴ ሳሰላ ራሴን ያዝኩት። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል ስትል የነበረች ልጅ የእኔን ፊት አይታ አልሳቀችም፤ አዘነች። ፕሮግራሙ የተከፈተው ለዚሁ ነበር። የሚታዘንለት እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ ሲደርስ ለብቻዋ ጠራኋት።

«አውቀሽ ነው የለቀቅሽልኝ?»

አንገቷን ደፋች። «ተናደዱ?»

«ትንሽ። ይበልጥ ግን አፈርኩ» አልኳት። ይህችን ቃል ማውጣት ይህን ያህል ከባድ መሆኑን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር፤ ልጆቹን ግን በየሳምንቱ ተናገሩ እያልኩ ሳስጨንቃቸው ከርሜያለሁ።

«ሲሸነፉ እኮ ያስፈራሉ» አለችኝ፣ ምንም ሳትሸፋፍን።

«እንግዲህ ዛሬ ሳታዝኚልኝ ተጫወቺ። ካስፈራሁሽ ንገሪኝ።»

ተጫወትን። ጠጠር አላስተረፈችልኝም። መሃል ላይ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ፊትዎ» አለችኝ፤ ፊቴን አስተካከልኩ። ሲያልቅ «ጥሩ ተጫወትሽ» አልኳት፣ ያለ ሳል። እሷም «እርስዎም ደህና ተጫወቱ» ብላ አጽናናችኝ፤ ውሸቷን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዘንድሮ አዲስ የሚመጡትን ትንንሾች ገበጣ የምታለማምደው እሷ ናት። ለእኔ ደግሞ ሥዕል ጋ ቦታ ሰጥታኛለች። «እዚያ ማንም ማንንም አያሸንፍም፣ ቲቸር» አለችኝ። ባለፈው አህያ ሣልኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ አየና «በጉ ያምራል» አለኝ። አህያ መሆኑን ላስረዳው ስል እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርን።