«ሰማሁ» እስኪባል

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ሸዋ ሮቢት ቁጭ ብዬ፣ ዓይናቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች የጻፉትን ኮድ አነባለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ካልጣመኝም እጨቃጨቃለሁ። ኮዱ ድራይቨር ይባላል፤ ኮምፒውተሩ አንድን ዕቃ እንዴት እንደሚያናግር የሚነግረው ጽሑፍ ነው። እኔ የያዝኳት ዕቃ ጣት የምታህል አዳፕተር ናት። በአንድ ጫፏ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፣ በሌላው ጫፏ በቀጫጭን ሽቦዎች ከሴንሰር ጋር ታወራለች። ይህን ሁሉ አንድ ቀን ለእትዬ፣ ለእናቴ ታላቅ እህት፣ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እና ዓይንሽ የሚጠፋው ለዚህ ነው?» አሉኝ።

እትዬ ሽንኩርትና ማሾ የሚዘሩት ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው፤ የሚሻገሩትም በእግራቸው። በበጋ ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ክረምት ሲገባ ግን ሮቢ አይታመንም። እኛ ጋ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ላይ ጣርማ በር በኩል የጣለው ዝናብ ድንገት ይደርስና ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። ለዚህ የወንዙ ዳር ሰው የራሱ ደንብ አለው። ከላይ ያለው ገበሬ ደራሹን ሲያይ «ውሃ!» ብሎ ይጣራል። ከታቹ ያለው «ሰማሁ!» ብሎ ይመልስና እሱም በተራው ወደ ታች ይጣራል። «ሰማሁ» ሳይባል ጠሪው ዝም አይልም፤ ድምፁ ቢዘጋም ይጣራል። ዝም ማለት ነውር ነው።

እኔም ሙያዬ ለእትዬ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው ብዬ፣ ከፓምፕ ቤቱ ከፍ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር አስተከልኩ። ረጅም ሽቦ ከዚያ ተነስቶ ፓምፕ ቤት ካለችው አዳፕተርና ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ውሃው ሲነሳ ሳይረን ይጮኻል። መጀመሪያ የሳቁብኝ እትዬ ቀስ በቀስ ሳይረኑን ማመን ለመዱ። ካልጮኸ ይሻገራሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለዚሁ ድራይቨር ማሻሻያ ላከ። ሳነበው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀናሁ። አጭር፣ ንጹሕ፣ ትርፍ ቃል የሌለበት ኮድ ነው። አዳፕተሯ ሴንሰሩን ጠይቃ መልስ የምትጠብቅበትን ጊዜ አሳጥሮ ሥራውን አፍጥኖታል። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው ያለ አንዳች እንከን ሠራ። በዚህ ሙያ የሞከረ ሰው «ሞክሬዋለሁ» ብሎ ስሙን ከሥር ያሰፍራል፤ ቃሉ ይታመናል፣ ኮዱም በየአገሩ ይሄዳል። ይህን ነገር ዛሬም ድረስ አልለመድኩትም። ከዚህ ሙቀት ውስጥ በወጣች አንዲት ቃል፣ የማያውቁኝ ሰዎች ማሽናቸውን ያምናሉ።

እኔ ግን ነገረኛ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሽቦ ስንዝር አይሞላም፤ የወንዙ ሽቦ ረጅም ነው፣ የቀትሩ ሙቀትም አለ። ስለዚህ ስሜን ሳላሰፍር አዲሱን ኮድ ይዤ ፓምፕ ቤት ወረድኩ። እትዬ ሊሻገሩ ሲሉ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ ሳይረኑን እንዳያምኑት። እየሞከርኩበት ነው።»

«ሳይረኑ ሳይመጣም ጆሮ ነበረኝ፤ ኢንሻአላህ ዛሬም አላጣውም» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ።

እስከ ቀትር ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ውሃው ዝቅተኛ ነው ይላል። ደስ አለኝ፤ ኮዱን የላከውን ሰው ምን ብዬ እንደማመሰግነው እንኳ በሐሳቤ ማርቀቅ ጀምሬ ነበር። በዚህ መሃል ከላይ «ውሃ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሰማሁ!» ብዬ መለስኩና ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ያው ቁጥር ነው። ሳይረኑም ጭጭ ብሏል።

ሮጬ ወጣሁ። እትዬ ሽንኩርታቸውን ተሸክመው ሊመለሱ ወንዙ ውስጥ እግራቸውን አስገብተዋል። «እትዬ! ውሃ!» አልኩ። የጎረቤት ፓምፕ እየጮኸ ድምፄን ዋጠው። አንድ እርምጃ ጨመሩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ፤ ደግሜ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ ቀና አሉ።

«ሰማሁ!»

ሸክማቸውን ጥለው ወደ ማዶ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ቀልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። እሳቸው በዚያ ዳር እኔ በዚህ ዳር ቆመን ተያየን። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ተመልሼ ስገባ ቁጥሩ ያው ነበር። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በረጅሙ ሽቦ የሴንሰሩ መልስ ይዘገያል፤ አዲሱ ኮድ ደግሞ አይጠብቅም። መልስ ሲያጣ መልስ አጣሁ ማለት ሲገባው፣ የቀድሞውን ቁጥር እንደ አዲስ አድርጎ ያሳያል። ዝም ያለውን፣ ደህና ነኝ እንዳለ ቆጥሮት ነበር።

ውሃው እስኪጎድል እትዬ ማዶ ሆነው ሲጠብቁ፣ እኔ እነዚህ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚነጋገሩበትን ሥርዓት መጀመሪያ ያወጡት ሰዎች የጻፉትን ከፍቼ አነበብኩ። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልገባኝም ነበር። ከእያንዳንዷ ቁራጭ መልእክት በኋላ ተቀባዩ መቀበሉን ይናገር፣ ላኪውም ይህን ሳይሰማ ደርሷል አይበል ይላል። ሮቢን አይተውት አያውቁም። ከላይ የሚጣራውን ገበሬ አያውቁትም። ግን የኛን ወንዝ ደንብ ፀጉር በምታህል ሽቦ ውስጥ አኑረውታል።

ለሰውዬው የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። ይኮራብኛል ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ከምንም በፊት «አክስትሽ ደህና ናቸው?» ብሎ መለሰልኝ። አዲሱ ኮዱ መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ካጣም ማጣቱን ይናገራል። መልስ በታጣ ጊዜም ሳይረኑ እንዲጮኽ አደረግኩ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው የቀትር ሙቀት ደጋግሜ ሞክሬ «ሞክሬዋለሁ» ብዬ ስሜን አሰፈርኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሳይረኑ እንደገና ጮኸ። እኔ ፓምፕ ቤት ነበርኩ። እትዬ ማዶ ሽንኩርታቸው መሃል ቀና ብለው፣ እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው፣ «ሰማሁ!» ብለው መለሱ። ውሃው አልፎ ሲሻገሩ ሳቅሁባቸው።

«እትዬ፣ ሳይረኑ እኮ ጆሮ የለውም።»

«አንቺ አለሽ አይደል?» አሉኝ።